ጣራ ለሌለው ሰው ባለ ጎማ ሶላር

 

ባለፈው ሰሞን ግቢያችን ውስጥ የቆመውን ባለ ጎማ ሶላር ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ግማሻችሁ «ቲቸር፣ ይሄ ጋሪ ነው ሶላር?» ብላችሁ ቀለዳችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ ከልባችሁ «እንዴት ተሠራ? ለምን ጣራ ላይ አልተሰቀለም?» አላችሁ። ለሁሉም አንድ በአንድ መመለስ ስላልቻልኩ፣ ዛሬ እሁድም ስለሆነ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ ብያለሁ። ረዘም ይላል። ታውቁኛላችሁ፣ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ አንድ ቡሎን ብትጠይቁኝ የምጀምረው ከ1860 ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቡና የተፈላላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

1. ጣራው የኔ አይደለም

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ቆላ ነው። ፀሐይ እንደ ልብ ነው፤ መብራት ግን እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲሄድ አይሰናበትም። የተከራየሁት ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከቁጠባ ማኅበራችን ተበድሬ ሁለት ባለ 150 ዋት ፓኔል፣ አንድ ባትሪና አንድ ትንሽ ኢንቨርተር ገዛሁ። ለራሴ ምቾት ብቻ አልነበረም። ማታ ማታ የ12ኛ ክፍል ልጆች እኔ ጋ እየመጡ ያጠናሉ። ሰባት ስምንት ልጅ በአንድ የስልክ መብራት ዙሪያ ተኮልኩሎ ዓይኑን እያሸ ሲያነብ እያዩ ዝም ማለት ከበደኝ።

ፓኔሉን ተሸክሜ ስገባ አከራዬ እማማ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?»

«ሶላር ነው እማማ። ጣራው ላይ ልሰቅለው ነው።»

«የማን ጣራ ላይ?»

እኔም ዝም አልኩ። እሳቸው ቀጠሉ፤ «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገዛ እጁ የመታው ቆርቆሮ ነው። አንዲት ሚስማር ብታላላ ክረምቱን ሙሉ ባልዲ ስደረድር ነው የምከርመው። ሌላ የፈለግከውን አድርግ፤ ጣራዬን ግን አትንካብኝ።»

ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። ተከራይ ነኝ። ነገ ውጣ ብባል እወጣለሁ። የተቦረቦረው ጣራ ለእሳቸው ይቀራል፣ የተቸነከረው ብረት ደግሞ ለእኔ አይመለስም። ስለ ሶላር የሚጻፈው ሁሉ «በጣራዎ ላይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጣራ ለሌለው ሰው የተጻፈ ነገር ግን ብዙም አይገኝም።

ስለዚህ ከጣውላ ራሴ አንድ ማቆሚያ ቸከቸክኩና መሬት ላይ አቆምኩት። ሦስት ሳምንት ሠራ። በአራተኛው አንድ ከሰዓት በኋላ አቧራ ያነሳ ንፋስ መጣ። ትምህርት ቤት ሆኜ ስልክ ተደወለልኝ። ስደርስ አንደኛው ፓኔል በግንባሩ ተደፍቶ፣ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ብድሩ ገና የ11 ወር ክፍያ ይቀረው ነበር። የዚያን ቀን ማታ ልጆቹ መጥተው ደጅ ላይ የወደቀውን አይተው፣ ምንም ሳይሉ የስልካቸውን መብራት አበሩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። «ፀሐይን በማሽን ለመያዝ የሞከረ ሰው ከእኔ በፊት ወድቆ ያውቃል?» ብዬ ነው የተነሳሁት። ለካ የሶላር ታሪክ የወዳቂዎች ታሪክ ኖሯል!

2. መምህር ሙሾ

መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው እንደኔው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ፈረንሳዊ ነው፤ ኦጉስተን ሙሾ ይባላል። አዎ፣ ሙሾ! በኛ ቋንቋ ስሙ ለቅሶ ቤት ይወስዳል፤ መጨረሻውን ስትሰሙ ደግሞ ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም ትላላችሁ።

ሙሾ በ1825 ተወለደ። ቱር በምትባል ከተማ ሂሳብ ያስተምር ነበር። በ1860 አካባቢ ፋብሪካው ሁሉ በድንጋይ ከሰል ሲጨስ፣ እሱ «ይሄ ከሰል አንድ ቀን ያልቃል፤ ያን ጊዜስ?» ብሎ ተነሳ። የዛሬውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፓኔል አታስቡ። የሙሾ ማሽን መስታወት ነው። እንደ ትልቅ የመብራት ኮፍያ አፉ ወደ ፀሐይ የተከፈተ ፈንጠር ያለ ብረት፣ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ መሃሉ ላይ ውሃ የያዘ ጥቁር ማሞቂያ የቆመበት። ጨረሩ መሃል ላይ ይሰበሰባል፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሞተር ያዞራል።

እዚህ ጋ ነው የኔ ጉዳይ የሚገባው። ፀሐይ አትቆምም። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ፀሐይ ለኛ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትሄዳለች። የሙሾ መስታወት ፊቱን ካላዞረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እሳቱ ከማሞቂያው ላይ ይሸሻል። ስለዚህ ማሽኑን ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ በሆነ ዘንግ ላይ አቆመው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞር ዘንድ። እንደ ሱፍ አበባ ማለት ነው። ገና ከጅምሩ የሶላር ታሪክና የሚንቀሳቀስ ማቆሚያ ታሪክ አንድ ነበሩ።

ሙሾ የናፖሊዮን ሦስተኛን ትኩረት አገኘ። መንግሥት ፀሐይ ወደሞላባት ቅኝ ግዛቱ ወደ አልጄሪያ ላከው። በ1878 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ያቆመው ማሽን በፀሐይ ሙቀት በረዶ ሠራ። አስቡት፣ በፀሐይ በረዶ! የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። በ1882 ደግሞ ረዳቱ አቤል ፒፍር ፓሪስ መናፈሻ ውስጥ በፀሐይ ኃይል የማተሚያ ማሽን አንቀሳቅሶ ጋዜጣ አተመ፤ ያውም ሰማዩ ደመናማ በነበረበት ቀን።

ከዚያስ? ከዚያማ ከሰል ረከሰ። ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ የባቡር ሐዲዱም ሲስፋፋ ከሰሉ በርካሽ ገባ። መንግሥት ኮሚቴ አቋቁሞ አስጠናና «አያዋጣም» ብሎ ዘጋው። ሙሾ ወደ መምህርነቱ ተመለሰ። በ1912 ፓሪስ ውስጥ በድህነት ሞተ።

ይሄን ሳነብ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። የወርቅ ሜዳይ ያለው መምህር በድህነት ከሞተ፣ ለተሰነጠቀ አንድ ፓኔል ማልቀሴ ምንድን ነው አልኩ። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሙሾን ያሸነፈው ፀሐይ አይደለችም፤ ማሽኑም አይደለም። ዋጋ ነው።

3. የሰጎን እርባታውና ንፋሱ

ሁለተኛው ሰው ኦብሪ ኢኒያስ ነው። በ1901 ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ውስጥ፣ አንድ ጎብኚ የሚበዛበት የሰጎን ማርቢያ ግቢ ላይ ግዙፍ የፀሐይ ሞተር አቆመ። አፉ 10 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ውስጡ ከ1,700 በላይ ትናንሽ መስታወት ተደርድሮበታል። የሚዞረው በሰው እጅ ሳይሆን እንደ ግድግዳ ሰዓት ባለ ጥርስ ማሽን ነው። ውሃ ከጉድጓድ እየሳበ መሬት ያጠጣ ነበር። ሰው ሰጎን ሊያይ መጥቶ ሶላር አይቶ ይመለሳል።

ከዚያ ለአሪዞና ገበሬዎች ሸጠ። አንደኛውን የንፋስ ማዕበል መታው፤ ማሞቂያውን የያዘው ድጋፍ ላላና ከባዱ ብረት መስታወቱ ላይ ወደቀ። ሌላውንም የአየር ጠባዩ አልማረውም። ንግዱም በዚያው ቀረ።

ንፋስ! ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ኢኒያስ በአሪዞና፣ እኔ በሸዋ ሮቢት።

በማግስቱ የፊዚክስ መምህሩን ጓደኛዬን ጠየቅኩት። እስኪሪብቶ አወጣና በደብተሬ ጀርባ ሠራልኝ። ሁለቱ ፓኔሎች አንድ ላይ 2 ካሬ ሜትር ያህል ናቸው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ንፋስ ፊት ለፊት ሲመታቸው ግፊቱ 12 ኪሎ ያህል ነው፤ ይቻላል። ንፋሱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግን ግፊቱ ሁለት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው፤ ወደ 50 ኪሎ። «ያንተ ጣውላ 50 ኪሎ የሚይዝ ነበር?» አለኝ። አልነበረም።

4. አባይ ዳር የቆመው ማሽን

ሦስተኛውን ታሪክ የዛሬ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ሰምታችሁታል። ፍራንክ ሹማን አሜሪካዊ ነው፤ የፊላደልፊያ ሰው። በ1913 ከካይሮ አጠገብ መዓዲ በሚባል ቦታ፣ አባይ ዳር፣ የፀሐይ ውሃ መሳቢያ ጣቢያ አስመረቀ። የሱ መስታወት እንደ ኮፍያ ሳይሆን እንደ ረጅም የከብት ገንዳ ነው። አምስት ገንዳ፣ እያንዳንዱ 62 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋት። ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተው፣ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ ራሳቸው ይዞራሉ። አንዱ በሌላው ላይ ጥላ እንዳይጥልም አራርቆ ነው የተከላቸው። በደቂቃ ከ20 ሺህ ሊትር በላይ የአባይን ውሃ ወደ እርሻ ይገፋ ነበር። የኛን ደጋ አፈር ይዞ የወረደው ውሃ በፀሐይ ተስቦ የግብፅን ጥጥ ሲያጠጣ ማለት ነው።

እንግሊዞች ወደዱት፤ ሱዳን ውስጥ ለጥጥ እርሻ ፈለጉት። ጀርመኖችም ለአፍሪካ ቅኝ ግዛታቸው አሰቡት። ልብ በሉ፤ ሙሾ ወደ አልጄሪያ፣ ሹማን ወደ ግብፅ። ፀሐይዋ የኛ፣ ጥጡ የነሱ። በዓመቱ 1914 መጣ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። መሐንዲሶቹ ተበተኑ፤ የጣቢያው ብረትም ተነቃቅሎ ተወሰደ። ሹማን በ1918 ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ነዳጅ ዘይት ነገሠ፣ ፀሐይ ተረሳች።

አንዱን ርካሽ ከሰል፣ አንዱን ንፋስ፣ አንዱን ጦርነት። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ይጋራሉ። ማሽናቸው ትልቅ ነው፤ አንድ ቦታ የተተከለ ነው፤ ባለሙያው ሲሄድ አብሮ ይሞታል። የሰፈሩ ሰው ተመልካች እንጂ ባለቤት አልነበረም።

5. ከመስታወት ወደ ሲሊከን

ይሄን ቶሎ ልለፈው፤ የሳይንስ መምህራኑ የተሻለ ይነግሯችኋል። በ1839 የ19 ዓመቱ ፈረንሳዊ ኤድሞን ቤከሬል ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊፈጥር እንደሚችል አየ። በ1880ዎቹ ቻርልስ ፍሪትስ ኒውዮርክ ውስጥ ከሰሊኒየም የመጀመሪያውን ፓኔል ሠራ፤ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። እውነተኛው ልደት ኤፕሪል 25 ቀን 1954 ነው። ዳሪል ቻፒን፣ ካልቪን ፉለርና ጄራልድ ፒርሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ከሲሊከን የተሠራ 6 በመቶ የሚለውጥ ሴል ለሕዝብ አሳዩ። በ1958 ቫንጋርድ 1 የምትባል ትንሽ ሳተላይት ስትመጠቅ ተራው ባትሪዋ በሳምንታት ውስጥ አለቀ፣ በሶላር የሚሠራው ሬዲዮ ግን እስከ 1964 ቆየ።

ዋጋው ግን ለሳተላይት እንጂ ለኛ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤሊዮት በርማን የሚባል ኬሚስት በዋት 100 ዶላር የነበረውን ወደ 20 ዶላር አወረደው። በ1977 ድርቅ በመታት ማሊ ውስጥ በርናር ቨርስፒረን የተባሉ ፈረንሳዊ ቄስ የሶላር የውሃ ፓምፕ ለመንደር ማስገባት ጀመሩ። እኛም አገር በ1985 ሚቶ በምትባል የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚያመነጭ ሶላር ተተክሎ ነበር። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ የምትባለው መንደር ደግሞ በ2000ዎቹ አጋማሽ በአንድ የጀርመን ፋውንዴሽን ድጋፍ ቤት ለቤት ሶላር ገብቶላታል። ዛሬ ፓኔል በዋት ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ በመምህር ደመወዝ፣ በብድርም ቢሆን፣ የሚገዛ ሆኗል።

ሙሾን ያሸነፈው ዋጋ ማለት ነው ተሸንፎ የመጣልን። የቀረው ማቆሚያው ነው።

6. ንፋሱን ያልረሳው ልጅ

ከተማችን ውስጥ ብየዳ ቤት ያለው የድሮ ተማሪዬ አለ። ስሙን አልጽፍም፤ የዚያ ባች ልጆች ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም ነበር። ያኔ 11ኛ ክፍል እያለ፣ ደብተሩ ላይ የበርና የመስኮት ስዕል ሲስል ይዤው፣ ክፍሉ ፊት አንድ መጥፎ ነገር ተናግሬዋለሁ። «አንተ ከዚህ ክፍል ምንም ይዘህ አትወጣም» ነው ያልኩት። ልጆች ሳቁ። እኔም ረሳሁት። እሱ ግን እንዳልረሳው ያወቅኩት የተሰባበረውን ጣውላ ይዤ ሱቁ ስሄድ ዓይኑን አይቼ ነው።

ጣውላውን ገልብጦ አየው። «ቲቸር፣ ንፋሱን ረሱት እኮ» አለ። ከዚያ መሬቱ ላይ በጠመኔ መሳል ጀመረ። ያ ስዕል ነው ዛሬ ፎቶው ላይ የምታዩት። ለሚፈልግ እንዲህ ነው፦

መሠረቱ። 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ አራት ማዕዘን፣ ከባለ 40 በ40 አርኤችኤስ ብረት። ሰፊ መሆኑ ነው ሚስጥሩ፤ የጠበበ ነገር ይገለበጣል። ፓኔሉ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ንፋስ ጉልበት ያገኛል።

ጎማው። በአራቱም በኩል ጎማ አይደለም። በደቡብ በኩል ሁለት የካሪዮላ ጎማ፣ በሰሜን በኩል ሁለት እግር። እንደ ካሪዮላ እጀታውን አንስተህ ትገፋለህ፤ ስትለቀው በእግሩ ይቀመጣል፣ በራሱ አይንከባለልም። እግሮቹ ስር ሰፋ ያለ ላሜራ ተበይዶባቸዋል፣ ክረምት ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጡ።

ክብደቱ። መሠረቱ ላይ ሁለት የአሸዋ ጆንያ የሚቀመጥበት መደብ አለ። እያንዳንዱ 50 ኪሎ ያህል። ስትገፋው ታወርደዋለህ፣ ስታቆመው ትመልሰዋለህ። የፊዚክሱ መምህር ሂሳብ እዚህ ገባ።

መዞሪያው። ፓኔሎቹ ያሉበት ፍሬም መሃሉ ላይ በአንድ ቱቦ ተይዞ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ያጋድላል። ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ እኩለ ቀን አግድም፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ። ፒኑን ነቅሎ፣ አጋድሎ፣ መልሶ መሰካት ነው። ሚዛኑ የተጠበቀ ስለሆነ በአንድ እጅ ይዞራል። ኃይለኛ ንፋስ ሲመጣ አግድም ታደርገዋለህ።

ሽቦው። ወፍራም፣ የሚታጠፍ፣ ትርፍ ርዝመት ያለው። ረጅም ቀጭን ሽቦ ኃይል ይበላል። ጋሪውን ስትገፋ መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፋ፣ ከዚያ ሶኬቱን ንቀል። ፓኔል ፀሐይ ላይ እስካለ ድረስ አይተኛም፤ የሶላር ኤሌክትሪክ ጭነት ላይ እያለ ሲነቀል ብልጭታው ያቃጥላል። ልጆች እንዳይነኩት።

ሲጨርስ የእጁን ስጠይቀው «የብረቱን ብቻ ይክፈሉኝ» አለ። «ለምን?» ስለው፣ «ማታ እርስዎ ጋ ከሚያጠኑት ውስጥ እህቴ አለችበት» አለኝ።

እዚያው ብየዳ ቤቱ በር ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት። ክፍሉ ፊት ስለተናገርኩት፣ አሁን ደግሞ እናንተ ፊት። ያ ልጅ ከክፍሌ ይዞ የወጣው ነገር ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።

7. የኛ ሰማይ

የውጭ አገር ቪዲዮ አይቶ «ሶላር 30 ወይ 40 ዲግሪ ወደ ደቡብ ማዘንበል አለበት» የሚል ብዙ ሰው አለ። ይሄ ለአውሮፓ ነው። እኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ አካባቢ ነን። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በአናታችን ትክክል የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ሚያዝያ 8 እና ነሐሴ 21 አካባቢ። በሁለቱ መሃል፣ ክረምቱን፣ ወደ ሰሜን ናት። ሰኔ 14 ግድም ከአናታችን 13 ዲግሪ ወደ ሰሜን ትሆናለች፤ ይሄ ምንም አይጎዳም፣ አግድም ያለ ፓኔል የሚያጣው 3 በመቶ እንኳን አይሞላም። ታኅሣሥ 12 ግድም ግን 33 ዲግሪ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ያኔ አግድም ያለ ፓኔል እኩለ ቀን ላይ ከስድስት አንዱን ያጣል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር የሰሜኑን እግር 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ እናደርገዋለን፤ እግሩ ውስጥ ተንሸራታች ቱቦ አለው። ወደ 9 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ አቧራውም በቀላሉ ይታጠባል።

የጠዋትና የማታው ግን ይበልጣል። ፀሐይ ከፓኔሉ ፊት 45 ዲግሪ ስትርቅ ከአስር ሦስት እጁ ይታጣል፤ 60 ዲግሪ ስትርቅ ግማሹ። በቀን ሦስቴ ማዞር ያተረፈልኝ ከዚህ ነው።

ዝም ብዬ ግን አላሞግስም። ማዞር ብቻ ቢሆን ኖሮ ተጨማሪ ፓኔል መግዛት ይሻላል፤ ፓኔል ረክሷል። የጎማው ጥቅም ሌላ ነው። አንደኛ ጥላ፤ ግቢው ውስጥ ማንጎ አለ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ጥላው ይመጣል። በፓኔል ውስጥ ሴሎቹ እንደ ሰንሰለት ስለተያያዙ ጥቂቱ ሲጠላ ብዙው ይደክማል፤ ስለዚህ ገፋ ማድረግ ነው። ሁለተኛ ሙቀት፤ በቆላ ፓኔል ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከጋለ ቆርቆሮ ላይ ከመለጠፍ ንፋስ ከስሩ የሚያልፍበት ይሻላል። ሦስተኛ ሌባ፤ ማታ በረንዳ ስር ይገባል። አራተኛው ዋናው ነው፤ ውጣ ብባል ይዤው እወጣለሁ።

8. የኔ ሰዓት

ኢኒያስ የሰዓት ጥርስ ነበረው፣ ሹማን በራሱ የሚዞር ነበረው። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ነኝ። ማን ያዞረዋል? አትገምቱም። እማማ! «ጣራዬን አትንካብኝ» ያሉት እማማ። አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ ነጠላቸውን አሸርጠው ፒኑን ሲነቅሉ አገኘኋቸው። «አየሁህ ስታደርግ» አሉኝ። «ፀሐይዋ አልፋ እሱ ወዲያ ማዶ ሲያይ ጊዜ አስጠላኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢያችን ሰዓት እሳቸው ናቸው። እኔም የእሳቸውን ቤት አምፖል አስገባሁላቸው።

ዘንድሮ በጾሙ ወራት ጎረቤታችን አረፉ። እድሩ ድንኳን ተከለ። ያን ሳምንት መብራት አልነበረም። እማማ ወደ እኔ ዞረው «ምን ትጠብቃለህ? ግፋው እንጂ» አሉኝ። ባትሪውን ሳጥን ውስጥ አድርገን ጋሪው ላይ ጫንነው። በያጁ ተማሪዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ የሚያጠኑት ልጆች የአሸዋውን ጆንያ ተሸክመው በመንደሩ መሃል ገፍተን አደረስነው። ሦስት ቀን ለቅሶተኛው በብርሃን ተቀመጠ፣ ሴቶቹ በብርሃን ወጥ ሠሩ። በሁለተኛው ሌሊት ድንኳኑ ጥግ ላይ እህቱ ደብተሯን ከፍታ ታነብ ነበር። ያን ፈረንሳዊ መምህር አሰብኩት፤ ስሙንም ሥራውንም።

ጣራ ላይ ቢሆን ኖሮ እዚያ አይደርስም ነበር።

ታሪክን የማስተምረው ዓመተ ምሕረት እንድትሸመድዱ አይደለም። ሙሾ፣ ኢኒያስና ሹማን ሞኞች አልነበሩም፤ ፀሐይን ገብተዋታል። ያልነበራቸው ግን ማሽኑን «የኔ ነው» ብሎ የሚያዞር ሰፈር ነው። በየቦታው ተተክለው፣ አንድ ሽቦ ስለተበጠሰ ወይም ባትሪ ስለሞተ ብቻ የቆሙ ሶላሮች አይታችኋል። ፓኔሉ ከውጭ ይመጣል፤ ይምጣ። ማቆሚያው፣ ጎማው፣ ቡሎኑ፣ የሚያዞረው እጅ ግን ከዚህ ነው።

ብድሩን ባለፈው ወር ጨረስኩ። የተሰነጠቀውን ፓኔልም አልጣልኩትም፤ ክፍል ውስጥ አምጥቼ ለማስተማሪያ አቁሜዋለሁ። ልጆች «ቲቸር፣ ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ ታሪኩን ከአሪዞና እጀምርላቸዋለሁ።

መሥራት የምትፈልጉ ልኬቱን በውስጥ መስመር እልካለሁ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ ብየዳ ቤቱን ጠይቁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳችሁ እሱ ነው።

መልካም እሁድ።